የመኪናዋ ቀኝ ጎን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለቶማስ፤ ናይሮቢ ከነቤተሰብህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እዚህ ካይሮ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ! ያቺ አልጋና ምድጃ ያላት አሮጌ መኪናችን፣ በእጅህ ስትነካት እንደ ኖራ ትለቅ የነበረችው፣ አሁን ብታያት አታውቃትም! አባትህ ውሃ በነከረው ብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ፖሊሽ ቀብቶ፣ ቀኝ ጎኗን መስታወት አስመሰለው። የሕንፃችን ባዋብ፣ በር ጠባቂው እንኳ መጥረጊያውን ጥሎ «ያ ሰላም!» እያለ አጨበጨበ። ለትንሣኤ ቀይ ባሕር እንሄድባታለን። በዚህ ጊዜ የምነዳው እኔ ነኝ።

ትናንት ደግሞ አባትህ «ዛሬ ቀኝ ጎኗን እንጀምር» ብሎ እየዘፈነ ወረደ። ያንኑ ጎን ሲጀምር ይኸው ሦስተኛ ጊዜው ነው። ቀለሟ እየሳሳ ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀቱን ደበቅኩትና «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ለዛሬ ጨርቅ ይበቃታል» አልኩት። ሲጨርስ «ነይ እዪልኝ፣ አዲስ ሆነች!» ብሎ ተጣራ። እኔም እንደ መጀመሪያው ቀን አጨበጨብኩለት። እንዴት እንደሳቀ ብታይ!

ለሚስትህ ለሕይወት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እሁድ ስትደውል አባትህን መጀመሪያ «ልጅህ ቶማስ ነኝ» በለው። ደስ ይለዋል።

የምትናፍቅህ እናትህ
ዘሪቱ