ተልዕኮ 11 እና ወገኔን የመታሁባቸው ቀናት

ኅዳር 3፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ዛሬም ወደቅኩ። የአውሮፕላን ጌሙ ተልዕኮ 11 (ከአሁን በኋላ ተ/11 ልበለው፣ እጄ ደከመ)። አራተኛ ቀኔ ነው። ከሌሎች የወገን አብራሪዎች ጋር ሁለት የጭነት አውሮፕላኖችን በሸለቆው አጅቦ ማሳረፍ። ነዳጅ ግማሽ ብቻ ጫንኩ፣ ቀለል እንዲለኝ። ዝቅ ብዬ ወንዙን ተከተልኩ። ጠላት ከፀሐይ በኩል መጣ፤ ጠብቄው ነበር! አንዱን ዶግ አመድ አደረግኩት። ወዲያው ጽሑፍ ወጣ፦ ወገንህን መታህ፣ ተልዕኮው ከሽፏል። ወላሂ ጌሙ ተበላሽቷል! እስከ ተ/10 ብቻዬን ነበር የምበረው፣ ማን ችሎኝ?

የአብራሪነት ሥልጠናውን ቅጽ ሞልቻለሁ። ሰኞ ማስገባት ነው። ደብተሬ፣ አብራሪ የሚሆን ሰው በጌም ይሸነፋል እንዴ?

ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ
የጌም ቤቱ ባለቤት ቶፊቅ አጠገቤ ተቀምጦ አየኝ። ተኮስኩ። ጮኸ።

«ቀዩን ምታ እንጂ፣ ጃል!»

«የቱ ነው ቀይ?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። ከአውሮፕላኖቹ በላይ ያለው ምልክት የወገን አረንጓዴ፣ የጠላት ቀይ ነው አለኝ። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፣ ቡናማ ነገር። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ተቆጣሁ። ዓይንህን ተመርመር አለኝ። ጥዬው ወጣሁ።

ቅጹ ላይ «ቀለም የመለየት ችግር» ከሚለው ጎን «የለብኝም» ብዬ ጽፌያለሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ሰቃ
ለቡና ለቀማ አጎቴ አባ ተማም ጋ መጣሁ። ሆን ብዬ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ ቀዩን ብቻ ለቀምኩ። ቅርጫቴን ሸራው ላይ ዘረገፉት። ግማሹ ጥሬ! ሐሳብህ ሰማይ ላይ ነው አሉኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው የሚሉኝ። ቶፊቅ ያለኝን ነገርኳቸው። እጄን ይዘው ፍሬውን በጣቴ አስጨመቁኝ። የበሰለው እሺ ይላል፣ ጥሬው ድንጋይ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሰነፍ ስላልኩህ አፉ በለኝ አሉ። እኔን፣ የልጅ ያህላቸውን! መግቢያ ጠፋኝ።

እስከ አስር ሰዓት አንድ ጥሬ አልተገኘብኝም። ያ ረቢ፣ ደስ ሲል! በዓይን ብቻ ለይ ያለኝ ማነው? ቆይ... ተ/11!!

ኅዳር 7፣ እሁድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
አለፍኩ! አለፍኩ! አልሐምዱሊላህ!

ዘዴው፦ ምልክቱን ጭራሽ አላይም። ወገን ከጭነቱ ጎን አይለይም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ጠላት አፍንጫውን ወደ ጭነቱ ያዞራል። ስለዚህ ሲመጡ አልተኮስኩም። ቶፊቅ ተኩስ፣ ተኩስ እያለ ጆሮዬን በላው። አንዱ ዞረ፤ መታሁት። ሌላው ወደ ሸለቆው ሸሸ፤ አልተከተልኩትም፣ ጭነቱን ብቻውን ሊያስቀር ነው። ተመልሶ መጣ። እሱንም! ሁለቱም ጭነቶች አረፉ። ቶፊቅ ተሸክሞኝ ጌም ቤቱን ዞረ።

ያው ቀን፣ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል
ቅጹን አወጣሁ። እንዳለ ባስገባውስ? ተ/11ን ያለፈ የሐኪሙንም ምርመራ በዘዴ ያልፍ ይሆናል። ግን ጌሙ ላይ ወገኔን በመታሁ ቁጥር እንደገና ጀመርኩ። እውነተኛው ላይ ከኋላዬ ሰው ተቀምጧል። አለቀስኩ ደብተሬ፣ አልዋሽሽም። «የለብኝም»ን ሰረዝኩ። «አለብኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ። አይሆንም የሚሉ ከሆነ እነሱ ይበሉኝ።