ሰንብቺ የሚባሉ ልጆች

መስከረም 10 ቀን 2000

ዝናቡ እስካሁን አለቀቀንም። ጠዋት ሁለት ጣሊያኖችን፣ ባልና ሚስት፣ ቤተ ጊዮርጊስ ወሰድኳቸው። እንደ ወትሮዬ የላሊበላን ስም ተረክሁላቸው። ሲወለድ ንብ እንደ ከበበው፣ እናቱም ያንን አይታ ስም እንዳወጣችለት... አስጎብኚ ከሆንኩ ጀምሮ ይህን ስንት ጊዜ አወራሁት? አፌ ብቻውን ነው የሚያወራው። ሴትየዋ ግን፣ ሴት ልጅ አለችኝ ብያት ነበርና፣ ያልለመድኩትን ጠየቀችኝ። «ያንተ ልጅስ? ስሟ ምን ማለት ነው?»

«ቆዪ ማለት ነው» አልኳት። ግማሽ እውነት። እዚህ ከተማም ሁሉም የሚያውቀው ግማሹን ነው።

ለምሳ ቤት ስገባ ፀሐይቱ እየሳቀች ጠበቀችኝ። የጎረቤታችን የከፋለ ሚስት ሴት ልጅ ወልዳለች። ስሟን ማን ቢሏት ጥሩ ነው? ሰንብቺ! አገሩ በሙሉ ዘንድሮ ልጁን ሚሊኒየም ይላል። የኛ ሰፈር ሰው ግን የኔን ልጅ ስም ይመነትፋል።

«ስም ነው እንጂ በግ አይደል። ምን ይጎድልብሃል?» አለችኝ ሚስቴ።

ይጎድልብኛል። ምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አልችልም።

መስከረም 16

ደመራ። አንዲት እናት ከሰው መሀል «ሰንብቺ!» ብላ ተጣራች። የኔዋ ትከሻዬ ላይ ሆና ዞረች። ከወዲያም አንዷ ዞረች፣ ከወዲህም ሌላዋ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥቅምት 6

እንቅልፍ እንቢ ካለኝ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ከሷ በፊት ሁለት ወንዶች ሞተውብናል። ሁለቱም ክርስትና ሳይነሱ። ሰንብቺ ስትወለድ ደግሞ አላለቀሰችም። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜ ነበር፣ ለቅሶ ስጠብቅ። እትዬ አለሜ የሰፈራችን አዋላጅ ናቸው። ገለበጧት፣ መቷት፣ ውሃ ረጩባት... ምንም። በኋላ ጠቅልለው ፀሐይቱ ደረት ላይ አስቀመጧትና «በይ ተሰናበቻት ልጄ» አሉ።

ፀሐይቱ ጆሮዋ ሥር «ደህና ሰንብቺ እናቴ» አለቻት።

ያኔ አስነጠሰች። ከዚያማ ለቅሶዋን ለቀቀችው፣ በስንት ልመና ዝም አለች!

ስሟ እንዲህ ወጣ። እትዬ አለሜ ግን ሲያወሩት «ደህና»ዋን ጣሏት። «እናቲቱ ሰንብቺ ብላ አዘዘቻት፣ ልጂቱም ሰነበተች» እያሉ በየቤቱ ተረኩ። አልሰሙ ይሆን? ወይስ አሳመሩት? እንጃ። ልጅ የማይቆምላት ሴት ሁሉ ስሙን ወሰደችው። የሚገርመው ደግሞ ሰንብቺ የተባሉት ሁሉ አድገዋል። እስካሁን አንዷም አልሞተችም።

ስንብት እንደነበር የምናውቀው እኔና ፀሐይቱ ነን። «አትናገር» ትለኛለች። «ሰው ተስፋ ካደረገበት አንተ ምን ጥልቅ አደረገህ?»

ኅዳር 21

ጽዮን። ሰርካለም የምትባል ሴት ከብልባላ ድረስ መጣች፣ አንድ ዶሮ ይዛ፣ ልጇን አዝላ። ሦስት ቀብራ አራተኛዋን ሰንብቺ ብላ ያቆመች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። «የስሟን እናት ላሳያት ብዬ ነው» አለችና ፀሐይቱ እግር ላይ ልትወድቅ። ፀሐይቱ በስንት ትግል አነሳቻት።

ሁለቱ ልጆች ግቢ ውስጥ አቧራ ለአቧራ ሲንከባለሉ ዋሉ። አንዷ ስትጠራ ሁለቱም ይመጣሉ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ።

«አያ ሙሉሰው፣ እርስዎ ስሙ ተወሰደብኝ ብለው ይቆጣሉ ሲሉኝ ፈርቼ ነበር» አለችኝ ሰርካለም። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 28

ገና። እግር መጣያ የለም። ከሌሊት ጀምሬ ከእንግዳ ጋር ስንከራተት ዋልኩ። ማታ ስገባ ሰንብቺ ትስላለች። ብርድ ነው አለች ፀሐይቱ። ብርድ ይሆናል።

ጥር 3

ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ጤና ጣቢያ «ሳንባዋ ነው» አሉን። መርፌ ጀመሩላት። ስትወጋ አታለቅስም። ምነው ባለቀሰች።

ጥር 5

ወልድያ ሆስፒታል ውሰዷት ተባልን። ነገ በሌሊት መኪና አለ።

ጥር 6

ጋሸና ሳንደርስ።

ጥር 13

እጄ ዛሬ ነው ብዕር የያዘው።

መምሬ ምስጋኑ ፍትሐቱን ሲያደርሱ «ወለተ ሐና» እያሉ ነበር። የክርስትና ስሟ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በልቤ ማናት እሷ? አልኩ። የማን ልጅ ነው የምንቀብረው? አንዴ እንኳ ሰንብቺ ሳይሏት አፈር ገባች።

ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር። የከፋለ ሚስት ደጃፉ ላይ ልጇን አቅፋ እሹሩሩ ስትል «ዝም በይ ሰንብቺ...» አለችና አፏን ያዘች። ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ከጓዳ በኩል አንዷ ስታንሾካሽክ ሰማሁ። «ስሙን ላገር ምድሩ በተነችው፣ ለገዛ ልጇ አለቀባት።»

ፀሐይቱም ሰማች። ፊቷን አየሁት።

ብድግ አልኩ። ምን እንደነካኝ እንጃ። «ስሙ ድሮም ልጅ መያዣ አልነበረም!» ብዬ ጮህኩ። «ሞተች ብለን ነው ያወጣነው! ደህና ሰንብቺ ብላ ስትሸኛት ነው! ስንብት ነው የተከፋፈላችሁት!»

ሚስቴን ልከላከልላት ነበር... እውነት ለሷ ብዬ ነው? ወይስ የነሱ ልጆች እየኖሩ የኔዋ ስለሞተች? አላውቅም። የከፋለ ሚስት ልጇን ብድግ አድርጋ ወጣች። ሌሎቹም ተከታትለው ወጡ።

ጥር 24

ከፋለ ልጁን ፍሬ አላት። የታችኛው ሰፈር ደግሞ አንዷን ሙሉዬ፣ አንዷን ሙሉሃብት። የዓለም ስም ለመቀየር ቄስ አያስፈልግ፣ ውሃ አያስፈልግ። ጠዋት ተነስቶ በሌላ ስም መጥራት ብቻ ነው።

እትዬ አለሜ መንገድ ላይ አገኙኝና አለፉኝ። ሰላምታም የለ።

ፀሐይቱ አታናግረኝም። «እራት ቀርቧል» ትላለች፣ በቃ። ልጆች ከጨዋታ በሚጠሩበት ሰዓት ወጥታ አጥሩ ጋ ትቆማለች። ምን እንደምትጠብቅ ገባኝ። ፍሬ ይባላል፣ ሙሉዬ ይባላል፣ ሙሉሃብት ይባላል። ከዚያ ትገባለች።

ስሙ የኔ ብቻ እንዲሆን ስመኝ አልነበር? ይኸው። የኔ ብቻ ሆነ።

የካቲት 15

አርባዋ። «ሕፃን ናት፣ ተዝካር አያሻትም» ብለውን ነበር መምሬ ምስጋኑ። ፀሐይቱ እንቢ ብላ ዳቦ ጋግራ ደጀ ሰላም አደረሰች። «ወለተ ሐናን ያስባት» ተባለ። አሜን አልን።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመች። ከዚያን ቀን ወዲህ ከ«እራት ቀርቧል» ሌላ የመጀመሪያ ንግግሯ ነው።

«ቤተ ክርስቲያኑ ወለተ ሐና ይላታል» አለች። «አፈሩ ምንም አይላት። ሰንብቺ የምትባለው ሰው አፍ ላይ ብቻ ነበር። እሱንም አንተ አስተፋሃቸው።»

የስድብ መዓት ብታወርድብኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

የካቲት 27

አንድ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሳስጎበኝ የንቡ ታሪክ ላይ ስደርስ ቆምኩ። «እናቱ ስም አወጣችለት» ብዬ መቀጠል አቃተኝ። ውሃ ጠጣሁ። ሰውየው «ከፍታው ነው?» አለኝ። አዎ፣ ከፍታው ነው አልኩት። እዚሁ ተወልጄ!

ብልባላ ወሬው ደርሶ ይሆን? ሰርካለም ሩቅ ናት። ሄጄ ብለምናትስ? በምን ዓይኔ? ሦስት የቀበረች ሴት ናት።

መጋቢት 4

ሄድኩ። በገበያ መኪና ብልባላ ወረድኩና የሰርካለምን ቤት ጠይቄ አገኘሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ስታየኝ ደነገጠች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ተቀበለችኝ። ሳትደርሰን በመቅረቷ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን! ይቅርታ!

ጠላ ሰጠችኝ። ጠላውን አስቀምጬ የመጣሁበትን ነገር አወጣሁት።

«ስሟን እንዳትቀይሪው ልለምንሽ ነው የመጣሁት።»

«ቀየርኩት አያ ሙሉሰው።» አቀረቀረች። «የትናየት ብያታለሁ።»

«እንዲያው አንዷ እንኳ ሰንብቺ ብትባል...»

«ልጄ ብትሞትስ? እርስዎ ይመልሱልኛል?»

ተነሳሁ። ትክክል ናት። እስከ መንገዱ ልሸኝዎ ብላ አብራኝ ወጣች።

ልጂቱ ቁልቁለቱ መንገድ መሀል ጭቃ ታድቦለብላለች። እናቷ «የትናየት!» ብላ ጠራቻት። ቀና አላለችም። «የትናየት! አንቺ!» ወይ ንቅንቅ። ሌላ ሰው የሚጠራ ነው የመሰላት።

ከገበያ የሚመለሱ በቅሎዎች ከላይ በኩል ገሰገሱ። የፊተኛዋ ደንብራለች፣ ጭነቷ ተንሸራቶ ሆዷ ሥር ይማታል። ባለቤቱ ከኋላ ይጮሃል። ሰርካለም ጮኸች።

«የትናየት! የት... ሰንብቺ! ሰንብቺዬ!»

ልጂቱ ብድግ አለችና እየሮጠች መጣች። በጭቃ እጇ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። በቅሎዋ አልፋ ሄደች።

ሰርካለም መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ አቀፈቻት። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። «አፌ ሌላ አያውቅም እኮ። እንዲለምድ እየታገልኩት ነው።» ትቀይረዋለች። ከጊዜ በኋላ ልጂቱም ትለምዳለች። ልጂቱን ራሷን ዳሰስኩና መኪና ፍለጋ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ መሽቷል። ፀሐይቱ እራት ቀርቧል አለች። አልተቀመጥኩም።

«ብልባላ ነበርኩ። ሰርካለም ቤት።»

እጇ ቆመ። «ማን አሏት?»

«የትናየት።»

ፊቷን አዞረች።

«ግን በቅሎ ሲመጣባት እናቷ ሰንብቺ ብላ ጮኸች።»

ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «መጣች?» አለችኝ።

«መጣች። እየሮጠች።»

መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። እራቱ ቀዘቀዘ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «እስቲ እንደገና ንገረኝ» አለች።

ነገርኳት።