ከርዳዳው ጸጉሬ

ታኅሣሥ 28
ዛሬም ያው ሥራ። ዓይን ክሊኒኩ መቀበያ ላይ ቆሜ ካርድ ሳወጣ ዋልኩ። ቤት ስገባ ታናሽ እህቴ የሚዜዎቿን ቀሚስ አልጋዬ ላይ ዘርግታለች። ሌሎቹ አምስት ሚዜዎች ጸጉራቸው ዞማ ነው። ስድስተኛዋ እኔ።

"ግን ያንን ራስሽን አንድ ነገር አድርጊው" አለች።

እናቴ ሳቀች። "የአባቷን ከርዳዳ ወርሳ! እሷን ሳረግዝ ማንን በድዬ ይሆን?"

አባቴ ከሞተ አራት ዓመቱ። ሌላ ምን አወረሰኝ?... ምንም።

ጥር 4
ጸጉር ቤት። ጸጉር ሠሪዋ የጸጉር ማለስለሻ መድኃኒቱን ቀብታኝ ከእናቴ ጋር ወሬ ጀመረች። አናቴ ነደደ።

"በቃ፣ እጠቢኝ!"

እናቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። "ቻይው! ውበት እንዲሁ አይገኝም።"

ቻልኩት። ለምን ቻልኩት? ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ተነስቼ መሄድ አቅቶኝ?

ጥር 5
ትራሴ ላይ ጸጉር። በእፍኝ...

ጥር 9
አናቴ መግል ቋጥሯል። የክሊኒኩ ነርስ ቁስሉን አጠበችልኝ። "ማን ነው እንዲህ የጠላሽ?" አለች። እናቴ ናት ማለት አፍሬ "ራሴ" አልኳት። ውሸትም አልነበረም። የቀረውን ጸጉር እሷው ላጨችኝ።

ጥር 10
እናቴ ስታየኝ ደረቷን መታች። "የሰው መሳቂያ ልታደርጊን!" እህቴ አለቀሰች። ለእኔ መስሎኝ ላቅፋት ሄድኩ... "ፎቶዬን አበላሸሽብኝ!" ቀሚሱን ለአክስቴ ልጅ ሰጠችው።

ጥር 20
ሰርጉ። ጓዳ ሳህን ሳጥብ ዋልኩ። አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ገብተው የተላጨ ራሴን ሲያዩ እጄን ያዙና ያለቅሱልኝ ጀመር።

"ሐኪሞቹ ተስፋ የላትም አሉ አይደል፣ ልጄ? እናትሽ ነገረችኝ።"

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታለች። ልጇ ከርዳዳ ናት ከሚባል፣ ልትሞት ነው ቢባል ይሻላታል!

"ደህና ነኝ፣ እማማ። እናቴ ናት ያቃጠለችኝ።"

ጮክ ብዬ። ሴትዮዋ እጄን ለቀቁና ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ ሳህኖቹን መቁጠር ጀመረች።

ጥር 27
አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሻንጣዬን ሳነሳ እናቴ "ሂጂ! ማን እንደሚፈልግሽ እናያለን" ብላ በሩን ጠረቀመችው። ደረጃው ላይ ቆሜ ትንሽ ጠበቅኩ... ምን ነበር የምጠብቀው?

ሚያዝያ 11
ጸጉሬ በቀለ። ጥቅልል ጥቅልል ብሎ። አለቃዬ ጠራኝ።

"እስኪረዝም ካርድ ክፍል ብትገቢ... ታካሚ እንዳይደነግጥ።"

"ጌታዬ፣ ታካሚው እኮ ማየት ተስኖት ነው የሚመጣው" አልኩት።

በሩ ላይ የቆመችው ነርስ ሳቋን አፈነች። ካርድ ክፍሉ ግን አልቀረልኝም። መስኮት የለውም።

ሐምሌ 2
አናቴ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቦታ አልበቅል ብላለች። ነርሷ "ጠባሳ ነው፣ አትጠብቂ" አለች። አለቀስኩ። ከዚያ ዙሪያዋን ዘይት ቀባሁት። ለጸጉሬ ሳዝን የመጀመሪያዬ ነው...

መስከረም 16
እናቴ መጣች። ከስምንት ወር በኋላ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ራሴን ስታይ ቆየች። አሁን እስከ ጆሮዬ ወርዷል፤ ጥቅጥቅ ያለ።

"አምሮብሻል" አለች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ "እስቲ ልንካው?"

"አይሆንም፣ እማዬ።"

እጇ አየር ላይ ቀረ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንጀቴ ይንሰፈሰፋል ብዬ ጠበቅኩ... እንዲያውም ደስ አለኝ። ክፉ ሆንኩ? ልሁና።

ሻይ አፈላሁላት። ጠጣችና ሄደች። መስታወት ፊት ተቀምጬ፣ ጸጉሬን በጣቴ እየፈታሁ፣ ቀስ ብዬ አበጠርኩት። አላመመኝም።