አረንጓዴው «የለም»

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ «ወይኔ ጉልበቴ» እያልሽ ነው? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ያቺ ነገረኛ ልጅሽስ? ከሁሉም በላይ እማዬ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ። ስልክሽን ስሞክር ውዬ እምቢ ስላለኝ ይህችን በጎረቤትሽ በሹፌሩ እጅ ልኬልሻለሁ።

ባለፈው በላክሽልኝ ወረቀት እማዬ ሐሙስ ቀዶ ጥገና እንደሚደረግላት ነግረሽኛል። «ነርሷ ኮምፒውተሩን አየችና የማይስማማቸው መድኃኒት የለም አለችን፤ ደስ አለን» ብለሻል። እኔ ግን እሱን አንብቤ ደስ አላለኝም። ፔኒሲሊን የተወጋች ቀን አንገቷ አብጦ ትንፋሽ ያጠራት ሴት እንዴት «የለም» ይባልላታል? ያን ቀን እየጮህሽ ሐኪም የጠራሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?

ያ «የለም» ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሆስፒታላችሁ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም የሚሠራው እኔ የተቀጠርኩበት ቢሮ ነው። የበሽተኛው መረጃ ኤክስኤምኤል በሚባል ሰነድ ይቀመጣል፤ እዚያ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የራሱ ስም አለው። ስሙን ስንጠራ ፈልጎ የሚያወጣልን ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ጽፈው በነፃ የለቀቁት፣ ላይብረሪ የሚባል ዝግጁ ፕሮግራም ነው። በቅርቡ የሰነዱ ቅጽ ሲታደስ አናቱ ላይ አንዲት መስመር ተጨመረች። ከዚያ ወዲህ ከሥሯ ያለው ሁሉ የአባት ስም እንደወጣለት ሆነ፤ በሙሉ ስሙ ካልጠሩት አይወጣም። የእኛ ፕሮግራም ግን እንደ ድሮው በነጠላ ስሙ ይጣራል። ላይብረሪው አይጮህ፣ አይቆጣ፣ ባዶ ይመልሳል። ስክሪናችን ባዶውን ሲያይ በአረንጓዴ «የለም» ብሎ ይጽፋል።

መጀመሪያ ላይብረሪው የተበላሸ መስሎኝ ለሚንከባከቡት ሰዎች አቤት አልኩ። የት አገር እንደምትኖር እንኳ የማላውቃት አንዲት ሴት «የተጠየቀውን ነው የመለሰው፤ እስኪ ሰነድህን ከአናቱ ጀምረህ አንብበው» አለችኝ። አነበብኩት። ለበሽተኛው የማይስማማው መድኃኒት በሰነዱ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ ስክሪኑ ላይ ግን የለም። ሌላ ሰነድ ከፈትኩ፣ እሱም ያው ነው።

አለቃችንን ሰላሜ ነው የምንለው፤ ቢሮው ቢቃጠል እንኳ «ሰላም ነው» ማለቱ አይቀርም። ሄጄ ስነግረው «ስህተት ቢኖር ማሽኑ ይጮህ ነበር፤ ዝም አይነቅዝም» ብሎ ቀለደብኝ። ይኼኛው ነቅዟል አልኩት። ቁጭ ብሎ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። ፕሮግራማችን በሙሉ ስሙ እንዲጣራ አስተካክዬ ማረሚያውን ለሆስፒታሎቹ ሁሉ ልኬያለሁ፤ ነገር ግን ሆስፒታሉ ራሱ ካልጫነው ዋጋ የለውም። የእናንተዎቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል፤ ስልካቸው ይጠራል እንጂ የሚያነሳው የለም። ሰላሜ ዛሬ «ሰላም ነው» አላለም፤ ጥግ ይዞ ጥፍሩን ይበላል። እሱን ሳይ ይበልጥ ፈራሁ።

በሞቴ እታለም፣ እማዬን ብቻዋን እንዳታስገቢያት። «ሐኪሙ ያውቃል» ብላ ዝም እንደምትል ታውቂያታለሽ። ለነርሷም፣ ለሚያደነዝዛትም፣ ቀዶ ጥገናውን ለሚያደርግላትም ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ንገሪያቸው፤ አጠገቧ ያሉትንም በሽተኞች በአፋቸው ይጠይቋቸው በይ። «ኮምፒውተሩ የለም ብሏል» ካሉሽ ይሉኝታ እንዳይዝሽ። ማሽኑ ያልጮኸውን አንቺ ጩኺ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ሐሙስ ከሥራ ቀርቶ አብሮሽ ይቁም። ነገረኛዋን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ያ ሰፈር የሚያውከው ድምጿ ለአንድ ቀን ይጠቅመናልና ይዘሻት ሂጂ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መፍራቴን ግን እንዳትነግሪያት።

ሹፌሩ መንገዱ ካልከፋ ረቡዕ ማታ እገባለሁ ብሎኛል። እዚህ ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቢሮዬ፣ ሰኞ ሐምሌ 12