ማጭዱ የት ይቀመጥ?

መስከረም 19

ሙቀት። የቢሮው ማራገቢያ ይዞራል እንጂ አየር አያመጣም። የሁለት ባለሱቆች የንግድ ፈቃድ አደስኩ። ሌላ ሥራ አልነበረም።

ምሳ ዝናሽ ጋ። ሽሮ። ባሏ ብሆንም ወረፋ ጠበቅኩ። "ሠራተኛ ይቅደም" አለች። እኔስ ምንድን ነኝ? አልጠየቅኳትም፤ የምትመልሰውን አውቃለሁ።

ሸሕዲ ሰው በሰው ሆናለች። መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ከጎጃምም ከወሎም አጫጆች በየአውቶቡሱ እየወረዱ ነው። ሰሊጡ ደርሷል። ጥቂት ከዘገየ ይረግፋል፤ ሁሉም ይቸኩላል።

መስከረም 21

ከላይ ረቂቅ ደንብ መጣ። ምግብ ቤቶችን የሚመለከት። አቶ ቸሩ ጠርቶ ሰጠኝ። አለቃዬ ነው፣ ከጎንደር ተዛውሮ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው፣ እስከ ዛሬ ክራቫት ያስራል። በዕድሜ ታናሼ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን ማን ይሰማኛል?

ረቂቁ በአነስተኛ ድርጅቶች ላይ የሚያስከትለውን ተጽዕኖ ገምግሜ ሪፖርት እንዳቀርብ ነው። እሺ አልኩ።

አንቀጽ ሰባት፦ "ማንኛውም ምግብ የሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት በአራት ወገን ግድግዳ ያለውና በሩ የሚዘጋ ቤት ሊኖረው ይገባል። ያላሟላ ይታሸጋል።"

ደግሜ አነበብኩት። የዝናሽ ራኩባ ጥቂት ባላና የሣር ክዳን ነው። በአራቱም ወገን መንገደኛ ያየዋል። ግድግዳ የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም።

በወረዳው የማሸግ ሥራ ደግሞ የእኔ ነው... የሚስቴን እንጀራ በገዛ እጄ?

መስከረም 22

ለዝናሽ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። "በር የሌለውን ምኑን ታሽገዋለህ?" አለች።

እውነቷን ነው። የማሸጊያው ወረቀት የሚለጠፈው በር ላይ ነው። አቶ ቸሩን ጠየቅኩት። በሩ ያስፈለገው ለዚሁ ነው አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም።

መስከረም 25

መጠይቅ ይዤ ስዞር ዋልኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ "ድርጅትዎ ምን ዓይነት ነው?" ይላል። ሁሉም አንድ መልስ ሰጡኝ። ድርጅት የለንም።

ከዝናሽ ጎን ሻይ የምታፈላው ሳቢራ አዘነችልኝ። ድርጅቱማ ወደ ስደተኞቹ ጣቢያ ከሄደ ቆየ፣ አንተ ሳትሰማ ቀርተህ ነው አለች። እዚህ አገር ድርጅት ማለት ነጭ መኪናና የእርዳታ ዘይት ነው። ለካስ እኔም ሳድግ እንደዚያ ነበር የማውቀው። መሥሪያ ቤት ገብቼ ነው የረሳሁት።

ዝናሽም "የለኝም" አለች። አንቺ እኮ ራስሽ ድርጅት ነሽ ብላት ስድብ መሰላት።

ውጤት፦ ሸሕዲ ውስጥ አንድም ድርጅት የለም።

መስከረም 27

"ድርጅት" የሚለውን ሰረዝኩ። "በደንቡ ተጎጂ ይሆናሉ?" ብዬ ጠየቅኩ። ምን ነካኝ? ተጎጂ የሚመዘገበው እርዳታ ሊመጣ ሲል መሆኑን እያወቅሁ...

ወሬው ቀድሞኝ ደረሰ። ጎሚስታውም ተጎጂ፣ ፀጉር ቆራጩም ተጎጂ። አንዱ ጋሪ ነጂ አህያዬም ትጻፍልኝ አለ። ማታ ቤት ስገባ አንዲት ሴትዮ የቤተሰቧን መታወቂያ ሰብስባ ደጅ ላይ ተቀምጣለች።

አቶ ቸሩ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። አንዱ ድርጅት የለም ይላል፣ ሌላው ሁሉም ተጎድቷል ይላል። ብዙ አሰበ።

"አማካዩን ውሰድ" አለኝ።

መስከረም 29

አማካይ አልተገኘም። አሁን አቶ ቸሩ ሌላ ሐሳብ መጥቶለታል። አንድ ምግብ ቤት እንደ ረቂቁ ይሠራና የሚሆነውን እንይ። የማን? የባለሙያው ባለቤት ብትሆን ለሌላው አርአያ ትሆናለች።

ዝናሽ አኮረፈች። እራት አቀረበች። ልተኛ ስል "አምጡት ቆርቆሯችሁን" አለች።

ጥቅምት 2

ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ትርፍ ቆርቆሮ አምጥተን አራቱን ወገን ዘጋን። በር ገጠምን። አቶ ቸሩ ከውጭ ፎቶ አነሳው። ከውጭ ሲያዩት ያምራል።

ውስጡ ምድጃ ነው። ሠራተኞቹ ይገባሉ፣ ሳህናቸውን ይቀበላሉ፣ ይወጣሉ፣ አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ ብለው ይበላሉ። እኔም ወጣሁ። ዝናሽ ብቻ አልወጣችም፤ ወጡን ማን ይጠብቅ?

ጥቅምት 3

ሙቀቱ ትንሹ ነገር ነው። ዋናው ማጭዱ ነው። እንዴት አላሰብኩትም?

እዚህ ሥራ ስጡኝ ብሎ የሚለምን ሰው የለም። ያልተቀጠረ ሰው ሲበላ ማጭዱን ጠረጴዛው ላይ ያደርጋል። የተቀጠረ ከአግዳሚው ሥር፣ እግሩ አጠገብ ያስቀምጣል። የእርሻዎቹ ወኪሎች ሠራተኛ ሊወስዱ ሲመጡ ከትራክተር አይወርዱም። መንገድ ላይ ቀዝቀዝ አድርገው ጠረጴዛውን ያያሉ፣ በእጃቸው ይጠራሉ፣ አለቀ። በቆርቆሮ ውስጥ ማጭድ አይታይም። ወኪሎቹ እኛን አልፈው ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ክፍቶቹ ራኩባዎች ወረዱ።

ሸጋው የሚባል ወሎዬ አለ። በየዓመቱ ለአጨዳ ሲመጣ ከዝናሽ ሌላ ቦታ በልቶ አያውቅም። ዛሬ ማጭዱን ፊቱ አድርጎ እስኪመሽ ተቀመጠ። ማንም አልጠራውም። ሲነሣ አፍሮ ነበር።

"እትዬ ዝናሽ፣ ወጥሽስ እንደ ዱሮው ነው። የሚያየኝ ሰው ነው ያጣሁ።"

ነገ ታች እበላለሁ ማለቱ ነው። ዝናሽ ገባት። እኔም ገባኝ።

ጥቅምት 4

ሰው አልመጣም። ወጡ ተደፋ። የሰፈሩ ውሾች ደንቡን ወደውታል።

ዝናሽ አለቀሰች። ደነገጥኩ፤ አታለቅስም እሷ። ይህን ራኩባ ያቆመችው እኔን ሳታውቅ ነው፤ እኔም ያገኘኋት እዚያው ወረፋ ስጠብቅ ነው። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ "ከሚታሸግብኝስ እኔው ልዝጋው። እናቴም ሳንጃ ከተማ አለች" አለች። እናቷ ሳንጃ መሆኗን እኔም አውቃለሁ። ለምን ነገረችኝ? እውነቱን ልጻፍ፣ ፈራሁ።

የማጭዱን ነገር ለአቶ ቸሩ አስረዳሁት። መጠይቁ ውስጥ ማጭድ የሚል የለም አለ። እንግዲያው ግድግዳውን አንስተን እርስዎ ራስዎ አንድ ቀን ምሳ ይብሉ አልኩት። ለማነጻጸር። "ማነጻጸር" የሚለው ቃል ደስ ይለዋል።

ጥቅምት 6

ቆርቆሮው በጠዋት ተነሣ። ወሬው ደግሞ እንዴት እንደሚሮጥ... በምሳ ሰዓት አግዳሚው ሞልቷል። ሸጋውም ተመልሷል።

አቶ ቸሩ ክራቫቱን አስሮ፣ ፋይሉን ይዞ መጣ። ባዶ የነበረው የሸጋው ቦታ ብቻ ነው፤ እጁን ሊታጠብ ተነሥቷል፣ ማጭዱን አግዳሚው ላይ ትቶታል። አቶ ቸሩ ማጭዱን አነሣና ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊቱ አስቀመጠው። ተቀመጠ። ሰዉ ሁሉ መብላቱን አቆመ። መናገር ነበረብኝ? ምናልባት።

የአንድ ትልቅ እርሻ ወኪል ሙሐመድጣሂር በትራክተር መጣ። ቀዝቀዝ አደረገ። ማጭዱን አየ፣ ክራቫቱን አየ፣ እንደገና ማጭዱን አየ። ወርዶ መጣ። ሲወርድ አይቼው አላውቅም።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ስንት ሰው ናችሁ?"

"ብቻዬን ነኝ" አለ አቶ ቸሩ። ስለ ምሳው የተጠየቀ መስሎታል።

ሙሐመድጣሂር እጁን ያዘው። መዳፉን ገልብጦ አየው፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ፊቱ ላይ ኀዘን ነገር ታየኝ።

"ለአጨዳ አትሆንም። ውሃ ታመላልሳለህ። በል ተሳፈር።"

ዝናሽ ወደ ድስቱ ዞረች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። አቶ ቸሩ እኔን አየ። ማጭዱ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ አድርገውታል አልኩት። ከዚያ ማጭዱን በቀስታ አንሥቶ ከአግዳሚው ሥር፣ እግሩ አጠገብ አደረገው።

"አሃ፣ ተይዘሃል? ተማም፣ ደግ" አለና ሙሐመድጣሂር ወደ ትራክተሩ ሄደ።

ሸጋው ይህን ጊዜ ደረሰ። ማጭዱን ከአለቃዬ እግር ሥር መዝዞ ትራክተሩን በሩጫ ያዘው። ውሃ ሳይሆን አጨዳ ተሰጠው።

አቶ ቸሩ ሽሮውን ጠርጎ በላ። ቢሮ ገብቶ ሪፖርቱን ራሱ ጻፈ። ግድግዳው እንደሚጎዳ፣ ለምን እንደሚጎዳ፣ ማጭድ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ፣ አንድም አላስቀረም። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ጥቅምት 8

ቆርቆሮው ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ተመለሰ። በሩን ዝናሽ አልመልስም አለች። እግር አስመትታ ጠረጴዛ አደረገችው።

ኅዳር 5

ለሪፖርቱ ከላይ መልስ የለም። ሰሊጡ አለቀ። ዝናሽ ስለ ሳንጃ ደግማ አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም።

ኅዳር 24

ደንቡ ጸድቆ መጣ። እየሮጥኩ ወሰድኩላት። አንቀጽ ሰባት፦ "እንደ አካባቢው የአየር ጠባይ በሁሉም ወገን ክፍት ሊሆን ይችላል።" ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ሳቢራ እልል አለች።

"ጨርሰው" አለች ዝናሽ። ታውቀኛለች።

አንቀጽ ስምንት ረቂቁ ላይ አልነበረም። "በመመገቢያ ጠረጴዛ ላይ ማጭድና መሰል ስለታም መሣሪያ ማስቀመጥ የተከለከለ ነው። ያላስከበረ ይታሸጋል።"

ከየት መጣ? ከእኛ ነዋ። ማጭድ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጥ ከላይ ማንም አያውቅም ነበር። በዝርዝር የነገርናቸው እኛ ነን።

"በር የለኝም" አለች ዝናሽ። ከዚያ ሁለታችንም ጠረጴዛውን አየነው። የበሩ ማጠፊያ እንኳ ገና አልተነቀለም።

ታኅሣሥ 7

የማሽላ ቆረጣ ደርሶ ሰው እንደገና ሞልቷል። ደንቡ በመጣ በማግስቱ ዝናሽ ማንንም ሳታማክር ሁለት ባላዎች ላይ ሚስማር መትታ ነበር። በመንገዱ በኩል ያለው ባላ ላይ ማጭዱን የሰቀለ አልተቀጠረም። በምድጃው በኩል የሰቀለ ተይዟል። ታችኛው ሰፈርም ይህንኑ አደረገ። ለወኪሎቹ ማን እንደነገራቸው እንጃ። ጠረጴዛ ላይ ማጭድ የለም። "አፈጻጸሙ መልካም ነው" ብዬ ሪፖርት አደረግሁ፤ እንዴት እንደተፈጸመ ግን አልጻፍኩም። ትምህርት ወስጃለሁ።

ዛሬ አቶ ቸሩ ለምሳ መጣ። ሰሞኑን ያዘወትራል፣ ክራቫቱንም ትቶታል። ቦርሳውን መንገድ ዳር ያለው ሚስማር ላይ ሰቀለ። እኔ አየሁ፣ ዝናሽም አየች። ሙሐመድጣሂር በትራክተሩ ሲያልፍ ቀዝቀዝ አደረገ።

"እስካሁን አልተቀጠርክም?" አለው።

አቶ ቸሩ ተነሣ። ቦርሳውን አወረደ፣ በሰዎቹ መሀል አልፎ ምድጃው ጋ ካለው ባላ ላይ ሰቀለው፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ተይዣለሁ" አለ።

ዝናሽ ከሁላችንም በፊት ለእሱ አቀረበች። ከባሏ አስቀድማ እሱን? አፍጥጬ አየኋት።

"ሠራተኛ ይቅደም" አለችኝ።

ወረፋ ጠበቅኩ።