የተቆለፈችው ክፍል ግምት

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከሥራ ስትመለስ ያጎብጥሃል? ደህና ትበላለህ? ደህና ትተኛለህ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንንም። እማዬን ጉልበቷ አልፎ አልፎ ቢይዛትም ምላሷ እንዳለ ነው፣ ተመስገን። እኔም እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ሰው አላምንም፣ በዚህም እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ድሮ የቤት ግምት የሚያወጣው ከሩቅ ያለው ትልቁ መሥሪያ ቤት አልነበር? ዘንድሮ ሥልጣኑን ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት ሰጡት። ሰፈሩ "እሰይ፣ የሚያውቁን ሰዎች ሊገምቱን ነው" ብሎ ደስ አለው። እኔን ያሳሰበኝ ይኸው መተዋወቁ ነው። ቤቱ ስንት ያወጣል የሚሉት እነሱ፣ ግብሩን የሚሰበስቡት እነሱ፣ ቅር ያለው ሰው አቤት የሚለውም ለእነሱው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከዚያ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ግምቱ ለግብር ሳይሆን፣ መንገዱ ሲሰፋ ለሚፈርሱ ቤቶች ካሳ መክፈያ ነው አለ። ጉድ ፈላ በለኝ። ለግብር ከሆነ ቤቱ ደሀ መምሰል አለበት፤ ለካሳ ከሆነ ደግሞ ሀብታም። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ብጠይቅ ጸሐፊዋ "ለመረጃ ነው" ብላ ጥፍሯን ማየት ጀመረች። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ በሩን ቀለም ሲቀባ ግማሹ ደህናውን በር ነቅሎ ደበቀ። ልብስ ሰፊው ራሱ ግን ግድግዳውን ጭቃ ሲመርግበት አየሁት። ወሬውን የነዛው የእኛ ቤት አምሮ ከጎኑ የእሱ ጎጆ እንዲመስል ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

ስለዚህ ደሀ መምሰሉን መረጥኩ። አሸንዳውን አወረድኩ፣ መጋረጃውን ፈታሁ። ከሳሎኑ ወደ ክፍልህ በሚያስገባው በር ላይም አሮጌውን ቁምሳጥን ገተርኩበት። ከሄድክ ጀምሮ እንደተቆለፈች ናት፤ ማንም ለማይተኛባት ክፍል ለምን ግብር እንገፈግፋለን አልኩ። እማዬ ሰምታ ዝም አለች። ዝምታዋን ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ገማቹ ሐሙስ ጠዋት መጣ። ሜትሩን ሲዘረጋ ጫፉን እኔ ያዝኩ፤ ሜትሩንም ቢሆን አላምነውም። ሳሎኑን ለካ፣ ሁለቱን መኝታ ቤት ለካ። ሌላ ክፍል አለ ወይ ሲል የለም አልኩት። ይሄኔ እማዬ ተነሥታ ቁምሳጥኑን በትከሻዋ ትገፋው ጀመር፣ በዚያ ጉልበቷ። "የልጄ ክፍል አለ፤ ልጄ የለም አታሰኙኝ" አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውየው ግን አልተቆጣም፤ አብሯት ገፋ። ከቀሚሷ ኪስ ቁልፍ አወጣች። ለካ እኔ ሥራ ስውል እየገባች ኖሯል፤ አልጋህ ተነጥፏል፣ ወለሉ ተወልውሏል። ሰው ይኖርባታል ወይ ብሎ ጠየቃት። "ይመጣል" አለችው። እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ነዋሪ ያላት መኝታ ክፍል ብሎ መዘገባት።

በዚህች ክፍል ምክንያት ግምታችን ከሰፈሩ ሁሉ በለጠ። መንገዱ ይስፋ አይስፋ ዛሬም የሚያውቅ የለም። ክፍሏ ባዶ ናት ብሎ አቤት ማለት እስከ ወሩ መጨረሻ ይቻላል። ነገር ግን ቤቱ በእማዬ ስም ስለሆነ፣ ልጇ እንደማይኖርባት በገዛ እጇ መፈረም አለባት። ወንድሜ፣ አልደብቅህም፣ አንተንም ጠርጥሬሃለሁ። ሲመቸኝ እመጣለሁ ትላለህ እንጂ ወሩን ጽፈህ አታውቅም። የምትመጣ ከሆነ ግብሩን እከፍላለሁ፣ ትንፍሽ አልልም። የምትቀር ከሆነ ቁርጡን ለእኔ ብቻ ጻፍልኝ፤ ለእሷ የምነግራት እኔ ነኝ።

አክስታችን ሰላም ብላሃለች፤ ልጆቿም ጉንጭህን ስመዋል። ልብስ ሰፊውም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። እማዬ ፍቅሯ ብዙ ነው። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ምን ብለሽ ጻፍሽለት ትለኛለች። ሰላምታ ብቻ ነው አልኳት። እሷ ሰው ታምናለች።

እህትህ

ከእማዬ ቤት፣ ግንቦት 12 ቀን