ኩሙዲኒ ካሌን ያላወቀው ሽልማት

ለክቡር የብሔራዊ የክሪኬት ሽልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዴልሂ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለተከበሩት ባልደረቦችዎ፣ በተለይም በሽልማቱ ዕለት በእኔ የተነሣ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሏል ለተባሉት የሥነ ሥርዓት ሹም፣ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኛ በካምታዲ ደኅና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው ገብቶ የጥጥ ገበሬው ፊት ፈክቷል፤ የከተማችን መብራት ግን እንደ እርስዎ ኮሚቴ ሁሉ የሚታየው ለበዓል ብቻ ነው።

«በመድረክ ላይ ስላሳዩት ያልተገባ ጠባይ በጽሑፍ ማብራሪያ እንዲሰጡ» ሲሉ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ደብዳቤው እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በጋዜጣ ታትሞ ስላነበብኩት፣ የእርስዎን አርአያ በመከተል እኔም ማብራሪያዬን በጋዜጣ ማቅረቤን እንደ ትሕትና እንዲቆጥሩልኝ እለምናለሁ። ሥርዓት እንዳላጓድል በተራ ቁጥር እሄዳለሁ።

አንደኛ። ኮሚቴዎ የዓመቱን የታላቅ አሰልጣኝነት ሽልማት ለክቡር አቶ ማዳቭ ራጅዋዴ መስጠቱን በታላቅ አድናቆት ተመልክቻለሁ። በመድረክ ላይ በተነበበው የሥራ ታሪካቸው «ሻርቫሪ ኢንጋሌን በረጠበ ኳስ አሠልጥነው ለዓለም ዋንጫ ያበቁ» ተብሏል። ሻርቫሪ ኢንጋሌ እኔ ነኝ። ኳሱም በእርግጥ ረጥቦ ነበር። ከዓረፍተ ነገሩ የተሳሳተው የሰውዬው ስም ብቻ ስለሆነ፣ ኮሚቴዎ ወደ እውነቱ ምን ያህል ተጠግቶ እንደነበር ሳስብ ልቤ ይነካል።

ኳሱን ያረጠቡት ኩሙዲኒ ካሌ ናቸው። እኛ «ታይ» እንላቸዋለን፤ በእኛ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። ታይ የሴቶች ክሪኬት ተመልካች ባልነበረው ዘመን፣ በየከተማው የትምህርት ቤት ወለል ላይ እያደሩ ለአገራቸው ተጫውተዋል። ከዚያ በካምታዲ የሴቶች ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ሆኑ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጥጥ መዳመጫው ጀርባ ባለው ሜዳ፣ መምጣት ለፈለገች ልጅ ሁሉ ኳስ ያስተምሩ ነበር። እኔ ኳስ በዝግታ እያሽከረከርኩ የምወረውር ነኝ፤ ኳሷ ከእጄ ስትወጣ መዞር አለባት፤ ከረጠበች ግን ታዳልጣለች። ታይ ይህን ስለሚያውቁ ኳሶቹን ሁሉ በባልዲ ውሃ ነክረው ያቀብሉኝ ነበር። ስትወድቅብኝና ስበሳጭ «መዳፍሽን እርሺው፣ በጣቶችሽ ያዣት» ይሉኛል፤ መልሰው ይነክሯታል፤ መልሰው ይሰጡኛል። እጄ እንደ አጣቢ እጅ እስኪጨማደድ ድረስ እንዲህ አድርገውኛል።

በዋንጫው ፍጻሜ ምሽት ሣሩን ጤዛ አለበሰው። የጓደኞቼ ኳስ ከእጃቸው እያመለጠ፣ ጨዋታው ከእጃችን እየወጣ ሳለ አምበላችን ኳሷን ሰጠችኝ። ኳሷ እንደዚያች የባልዲ ኳስ ቀዝቃዛና እርጥብ ሆና ስትደርሰኝ የተሰማኝ ነገር ፍርሃት አልነበረም፤ ቤቴ የገባሁ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ሁሉ ስላየው አልደግመውም።

ስለ ክቡር አቶ ራጅዋዴ ውለታም ዝም ብል ምስጋና ቢስ እባላለሁ። እሳቸው የአካባቢያችን ተጫዋች መራጮች ሰብሳቢ ሳሉ ሁለት ጊዜ ረድተውኛል። የመጀመሪያው ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ ለምርጫ ቀርቤ ካዩኝ በኋላ እናቴን ወደ ጎን ጠርተው «ልጅዎ ትጉ ናት፣ ግን ይህ ጨዋታ ቁመት ይፈልጋል፤ ልብስ ስፌት ቢያስተምሯት ይሻላል» አሏት። እናቴ ሰፊ ናት። «ስፌቱን የማስተምራት እኔ አለሁ ጌታዬ፤ እርስዎን የጠየቅኩት ስለ ኳሱ ነው» ብላ ይዛኝ ሄደች። ሁለተኛው ብሔራዊ ቡድን ከገባሁ በኋላ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺ አስከትለው ወደ ሜዳችን መጡ፣ ትከሻዬን አቀፉ፣ ባልዲው ከፎቶው እንዲወጣ አዘዙ። ታይንም «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» አሏቸው። ታይም ፈቀቅ አሉ። ያ ፎቶግራፍ በሽልማቱ መጽሔት በሙሉ ገጽ ወጥቷል፤ ጥራቱ ያስመሰግናል።

ሁለተኛ። ስለ ጠባዬ። ከዋዜማው ጀምሮ የሥነ ሥርዓት ሹሙ ሜዳሊያ የምንቀበለውን ተጫዋቾች አለማምደውናል፦ ስም ሲጠራ መነሣት፣ ጎንበስ ማለት፣ መቀበል፣ ፈገግ ማለት፣ በግራ በኩል መውረድ፤ መናገር ግን በፍጹም። እኔም ቃል በቃል ለመፈጸም ቆርጬ ነበር፤ ለአቶ ራጅዋዴ የሚነበበውን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝምና። ሲነበብ እናቴ ከእንግዶች መካከል ተቀምጣ ፊቷን በሻሿ ስትሸፍን አየኋት። ወዲያው የእኔ ስም ተጠራ።

ተነሣሁ፣ ጎንበስም አልኩ። ሜዳሊያውን የሚሸልሙት አዛውንት እጃቸውን ሲዘረጉ ግን ቀስ ብዬ «ጌታዬ፣ ቅድም በተነበበው ላይ ስሙ ተሳስቷል። ያ ሥራ የኩሙዲኒ ካሌ ነው፤ እስኪታረም ይህን መቀበል አልችልም» አልኳቸው። አዛውንቱ ጥቂት አዩኝ። ከዚያም ከእኔ በቀር በማይሰማ ድምፅ «ልጄ፣ እኔ የማስረክበው እጄ ላይ ያስቀመጡትን ነው» አሉኝ። እጆቼን ደረቴ ላይ አጋጥሜ እጅ ነሥቼ ወረድኩ። ቴሌቪዥኑ በዚያች ቅጽበት የመድረኩን አበባ ማሳየት እንደጀመረ ሰዎች ነገሩኝ፤ አበባው ቆንጆ ነበር አሉ። በግራ መውረድ ሲገባኝ በቀኝ መውረዴን አምናለሁ፤ ለዚህ ብቻ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ። ወደ ውጭ ከሚጓዘው ቡድን ስሜ መሠረዙን፣ የይቅርታ ደብዳቤ ካስገባሁ ግን «ጉዳዩ በቅንነት እንደሚታይ» ነግረውኛል። ስለ ቅንነትዎ አመሰግናለሁ። የይቅርታ ደብዳቤ አልጽፍም። ይህን የምለው ቀለል አድርጌው አይደለም፤ መጫወት ከምወደው በላይ የምወደው ነገር የለኝም። ስሜ መሠረዙን የሰማሁ ቀን እናቴ እንዳታየኝ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍቼ አልቅሻለሁ። አልቅሼም ስጨርስ ሐሳቤ አልተቀየረም።

ከዴልሂ እንደተመለስኩ በቀጥታ ታይ ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ያቅፉኛል ብዬ ነበር። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የአብሽ ቅጠል ይለቅማሉ፤ ቀና ብለውም አላዩኝም።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ።

ማንም እንዳልላከኝ ነገርኳቸው። እንድጫወት እንጂ እንድባረር እንዳላስተማሩኝ፣ እሳቸው እዚህ ዕድሜ የደረሱት ያለ ሜዳሊያ መሆኑን፣ ለመሞትም እንደማያስፈልጋቸው እየተቆጡ ነገሩኝ። ከዚያ ቅጠሉን አስቀምጠው ዐይን ዐይኔን እያዩ «ለእኔ ብለሽ ነው ያደረግሽው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አይደለም» አልኩ። «ያንን ሰምቼ ሜዳሊያውን ብቀበል እኔም አብሬ ዋሸሁ። ለራሴ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ ቢሆን ኖሮ አሁኑኑ ተመልሰሽ ተቀበዪ እልሽ ነበር» አሉ ታይ። «ለራስሽ ከሆነ ግን ማንም አያገባውም። ተቀመጪና ቅጠል ልቀሚ።» ተቀምጬ ለቀምኩ። ክቡር ሆይ፣ ኮሚቴዎ የሚሰጠው ትልቁ ክብር የቱ እንደሆነ በትክክል አላውቅም፤ ከዚያ ቅጠል ለቀማ ግን አይበልጥም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጊዜዎን ባልወሰድኩ ነበር። ቀጥሎ የመጣውን ስንተኛ ቁጥር ልስጠው? ሌሎቹ ስለ ስም ነበሩ፤ ይኸኛው ስለ መሬት ነው። አቶ ራጅዋዴ ከተሸለሙ በኋላ የእኛ ሜዳ «የማዳቭ ራጅዋዴ የልህቀት ማሠልጠኛ» ሊባል፣ ዙሪያውን ሊታጠር፣ ፈቃድ የተሰጣቸው ምርጥ ተጫዋቾች ብቻ ሊገቡበት በኮሚቴዎ መወሰኑን ያወቅነው የብረት ምሰሶ የጫነ መኪና መጥቶ ሲቆም ነው። ከትምህርት ቤት የሚመጡት ልጆች ፈቃድ የላቸውም። እኔም በዚያ ዕድሜዬ አልነበረኝም።

ታይ ከቤታቸው ወንበር አስመጥተው በር ሊተከል በታሰበው ክፍት ቦታ መካከል ተቀመጡ። የሠራተኞቹ አለቃ ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን አውልቆ ቀረበና «አስተማሪ፣ እባክዎን ይነሡልን፤ እኛ ታዝዘን ነው፣ ሥራችን ነው» አላቸው።

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ» አሉት። «ልጆቹ እየተጫወቱ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ እጠሩት።»

ሰውዬው ይህ ሚዛናዊ ነው ብሎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ልጆቹ የቻሉትን ያህል ተጫወቱ። ደክሟቸው ወደ ዳር ሲወጡ እናቴ ድንገት ከተመልካቹ መካከል ተነሣች፤ የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጉጣ የኳስ መምቻውን ዱላ ከአንዲት ልጅ እጅ ተቀበለች። በሕይወቷ ይዛው አታውቅም። የመጀመሪያዋን ኳስ ሳተች፣ ሁለተኛዋንም ሳተች፣ ሦስተኛዋን መታ አድርጋ መሮጥ እንዳለባት ረስታ ቆማ አየቻት። «ሩጪ አንቺ! አድንቀሽ ትጨርሻለሽ» እያሉ ከሥራ የወጡት የጥጥ መዳመጫው ሴቶች ሳቁባት፤ ወዲያው ግን እነሱም በየተራ ገቡ። ታይ ከወንበራቸው ሳይነሡ አያያዛቸውን ያርማሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ አለቃው ምሰሶዎቹን መልሶ አስጫነና «ጨዋታው አላለቀም ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ» ብሎ ሄደ። በማግስቱም መጥቶ ነበር። ጨዋታው አሁንም አላለቀም፤ ሜዳውም እስከዛሬ አልታጠረም። እኔ ከቡድኑ ስላስወጡኝ ሰፊ ጊዜ አግኝቼ ከሰዓት በኋላ እዚያው እያሠለጠንኩ ነው። በዚህ ረገድ ኮሚቴዎ ለካምታዲ ያደረገውን አስተዋጽኦ ማንም አይክደውም።

እንግዲህ ማብራሪያዬ ይህ ነው። የሥራ ታሪኩ በተነበበበት ድምፅ ልክ፣ በዚያው መድረክ ይታረም። ሜዳው ለማንኛዋም ልጅ ክፍት ይሁን። ሁለቱ እስኪሆኑ ድረስ ሜዳሊያው እዚያው እርስዎ ዘንድ ይቆይ፤ በእጅዎ ያለው የብዙ ሰው ልፋት ስለሆነ በጥንቃቄ እንደሚይዙት እምነቴ ነው።

የኮሚቴዎን የማያልቅ ትዕግሥት፣ የማያይ አስተዋይነትና አጥር የማያግደው ቸርነት ዘወትር በማድነቅ፣ ጎንበስ ብዬ ሳይሆን ቀጥ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ሻርቫሪ ኢንጋሌ
የኩሙዲኒ ካሌ ተማሪ
ካምታዲ

ማስታወሻ፦ በእኔ ምትክ ስለመረጧት ልጅ ሳላመሰግን ልዘጋው አልችልም። ሩቱጃ ያደገችው ከጎረቤት መንደር በአውቶቡስ እየተመላለሰች በታይ እጅ ነው፤ ይህን ኮሚቴው ያወቀ አይመስለኝም። ፈርታ መጥታ «እኔም እምቢ ልበል ወይ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ሄዳ እንድትጫወት፣ እንድታሸንፍም ነግሬያታለሁ፤ ትናንት ታይና እኔ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝተናታል። የምትሸለምበት ቀን ሩቅ ስላልሆነ ማን እንዳስተማራት ከወዲሁ ቢጠይቋት ይሻላል። እኔ በተፈጥሮዬ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ ሩቱጃ ስትናገር ግን ከሜዳው ማዶ ይሰማል።